አፉ ያልተዘጋው ሻል

ሳጥኔን ስከፍት የልብስ መኪና ዘይት ሸተተኝ። ያ ሰፊዎች በጠብታ የሚያጠጡት፣ ጣት ላይ ከቀረ እንጀራ የሚያስጠላ ዘይት። የእኔ ሳጥን ዕድሜ ልኩን የሸተተው ናፍታሊን ብቻ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ለማርያም ማኅበራችን ነጠላዬን ላወጣ ክዳኑን ሳነሣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ይወጋኝና ያስነጥሰኛል፤ ካስነጠሰኝ በኋላ ነው ዓመቱ ዞሮ መምጣቱን የማምነው። ዘንድሮ አላስነጠሰኝም። አጎንብሼ ስዳብስ ከነጠላው ሥር ያለውን ሻል አገኘሁት፤ ሳወጣው አፉ ተሰፍቷል። ቡናማ የሱፍ ክር ላይ ነጭ የናይለን ክር፣ ያውም ታጥፎ፣ ያውም ሁለት ጊዜ ተመላልሶበት፣ ልክ የእህል ከረጢት አፍ እንደሚሰፋ። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ስፌት ያቅለሸለሸኝ ግን የለም።

የልጄን ሚስት ሃይማኖትን ጠራኋት። እንግዳ ይመጣል ብላ ቤቱን ስታጸዳ ሳጥኔንም ከፍታ ኖሯል። ሻሉን አየችው፤ ጫፉ ክፍት ነው፣ ሁለት የዛገ የሹራብ መሥሪያ ሽቦ ተሰክቶበታል፣ የክር ጥቅል ተንጠልጥሎበታል። ጀምሬ ዓይኔ እምቢ ሲለኝ የተውኩት መሰላትና አዘነችልኝ። ሽቦዎቹን መዘዘች፣ ክሩን ቆረጠች፣ መናኸሪያው በር ላይ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አሰፋችው። «ሊያስደስትዎ ይችላል ብዬ ነው፣ እማማ» አለችኝ። ደግ ልጅ ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ጮኼባት በወጣልኝ፤ ደግ ሰው ላይ ግን ምን ይጮኻል? ሽቦዎቹስ የት አሉ ብላት አንደኛውን ወዲያው አመጣችው፣ ሌላኛውን ስትፈልግ ቆየች። ለካ የዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ተደፍኖ በእሱ ከፍታበታለች። ስትሰጠኝ የቀዘቀዘ ቅባትና የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎበት ነበር። በሁለት ጣቴ ይዤ «እግዜር ይስጥሽ» አልኩና መፈተጊያ አመድ ልፈልግ ጓዳ ገባሁ።

ልጄም አልገባውም። አንድ አሮጌ ሻል ጫፉ ቢሰፋ ምን ይሆናል ይለኛል። ምን እንደሚሆን ለማወቅ ያ ሻል ለምን ክፍት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ከተማችን ማርቆስ እንዲህ በባጃጅ ጡሩምባ ሳትደነቁር ወደነበረችበት ጊዜ መመለስ ግድ ነው።

ያኔ ገና አዲስ ተጋቢ ነበርኩ። ባሌ አስተማሪ ነበር፣ ቤታችን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከአጥሩ ሥር። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጠዋት አጥንት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ የእትዬ የሺን ግድግዳ ስታሞቀው የሰፈሩ ሴቶች ዱካችንን፣ ትንንሽ በርጩማችንን፣ ይዘን እዚያ እንሰበሰብ ነበር። እትዬ የሺ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ብለው ረዘም ያሉ ሴት ነበሩ፤ ከሁላችንም ይበልጣሉ፣ ሹራብም ኪሮሽም ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ተርጋል ጉርዳችንን ጉልበታችን ላይ አጥብቀን፣ ኮንጎ ጫማችንን አውልቀን፣ እግራችንን ለፀሐይ ሰጥተን እንሠራለን። መስኮቱ ላይ ሬዲዮው አለ። ሬዲዮውም እንደኛ ለብሷል፤ እትዬ የሺ ነጭ ዳንቴል ሠርተውለት፣ ጣቢያ መቀየሪያው እንዲታይ ብቻ ክብ ቀዳዳ ትተውለታል። ቅዳሜ ከሰዓት የዘፈን ምርጫ ሲጀመር ሁላችንም ድምፃችንን እንቀንሳለን፤ እጃችን ግን አይቆምም፣ እንዲያውም ዘፈኑ ፈጠን ሲል እጃችንም አብሮ ይፈጥናል። በዚያ ጊዜ በማርቆስ ያልለበሰ ነገር አልነበረም። ወንበሩ ክንድ ላይ ዳንቴል፣ ብርጭቆው ላይ ዳንቴል፣ የቴርሞሱ ክዳን ላይ ዳንቴል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ እናጠጣው ነበርና በበጋ ጉንዳን ይሰለፍበታል፤ እትዬ የሺ ጉንዳኑን በእፍኛቸው እያራገፉ እንግዳ ያስተናግዱ ነበር።

ሱቅ ሄደን የሱፍ ክር መግዛት የማይታሰብ ነው። ክራችን የሚመጣው ከሰልባጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ የተቆለለውን የፈረንጅ ሹራብ እንገለብጣለን፤ በአንድ ብር ከስሙኒ የተበሳ፣ እጅጌው የተበላ፣ ቀለሙ ግን ደህና የሆነ ሹራብ ይገኛል። ሻጩ ቀዳዳውን ሊደብቀን ይለፋል፤ እኛ ቀዳዳውን ሳይሆን የሹራቡን የጎን ስፌት ነው የምናየው፣ ስፌቱ በእጅ የተያያዘ ከሆነ ተተርትሮ ያልቃልና። ቤት ወስደን እንተረትረዋለን፣ ተጠማዞ የቀረውን ክር በሙቅ ውሃ አጥበን፣ ታቹ ላይ ድንጋይ አስረን ገመድ ላይ እናንጠለጥለዋለን። ድንጋይ የተንጠለጠለበት ክር አጥር ለአጥር ሲወዛወዝ ያየ የገጠር ሰው ምን ዓይነት ጥንቆላ ነው ብሎ ያማትብ ነበር። መርፌያችን ደግሞ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ብስክሌት ከሚጠግነው ሰውዬ እንለምንና ጫፉን በጥቁር ድንጋይ ስለን፣ በጨርቅ ወልውለን ብር እስኪመስል እናበራዋለን። አንዳንዴ ሌሊት ተኝቼ የዚያ ሽቦ ግጭት ቲክ ቲክ ሲል የምሰማው ይመስለኛል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ አንድ ሥርዓት ነበር። ለሙሽራ፣ ለአራስ፣ ለክርስትና የሚሰጥ ሥራ አልቆ፣ ጫፉ ታስሮ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ይሰጣል። እጇ ሥራ ለሚያውቅ ሴት የሚሰጥ ግን አልቆ አይሰጥም። አፉን ሳይዘጉ፣ የመጨረሻው መስመር ቀለበቶች ሽቦው ላይ እንደተደረደሩ፣ የክሩ ጥቅል ሳይቆረጥ ይሰጣል። የምትዘጋው ተቀባይዋ ናት። እትዬ የሺ ሲናገሩ፣ ለሙያተኛ ያለቀ ነገር መስጠት ለጎልማሳ እያጎረሱ ማብላት ነው ይሉ ነበር። ስጦታው የሚሰጠው በጥር ማርያም ማኅበር ላይ ነው። ተቀባይዋ ቤቷ ወስዳ ከወደደችው ትዘጋዋለች፣ በቀጣዩ ወር ማኅበር ላይ ለብሳው ወይም ይዛው ትመጣለች። ምስጋናው ያ ነው፣ ሌላ ቃል አይጨመርበትም። ቅሬታ ያላት ግን ሳትዘጋው ታስቀምጣለች። ሰጪዋ በየወሩ ዓይኗን እያነሣች ስታይ መልሱን ታገኘዋለች። እንዴት ያለ ጨዋ ነገር ነበር! ማንም ማንንም አይሰድብም፣ ሁሉ ግን ይታወቃል።

ዛሬ ዳንቴል በሜትር ይሸጣል። የሚያንሸራትት፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ፣ በክብሪት ቢነካ እንደ ፌስታል የሚንጨረጨር ነገር ነው፤ ባጃጁ ውስጥ እሱ፣ የሰርግ አዳራሹ ወንበር ላይ እሱ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር እሱ። በቅርቡ አንድ ሰርግ ላይ ድሮ ኪሮሽ ይዛ ያየኋት ሴት ይህንኑ አምጥታ «በእጄ የሠራሁት ነው» ብላ ለሙሽራዋ ሰጠች። የፋብሪካው ወረቀት የተለጠፈበት ሙጫ ጠርዙ ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። ሰዉ እልል አለ፣ ስልኩ ሁሉ ተደቀነ፣ እሷም ለስልኩ ፈገግ አለች። እኔ ያንን ሙጫ እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ራሴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። የማኅበራችን ሰዎች ራሳቸው ዛሬ ጥር ሲመጣ የሚሰጣጡት ነብር የተሳለበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲተኙበት ጸጉሩ አፍ ይገባል። ወጣቶቹ ኪሮሽ እንደገና ጀምረዋል ሲሉኝ ደግሞ ደስ ብሎኝ ሄጄ አየሁ። እጃቸው አይከፋም፣ እውነቱን መናገር አለብኝ። ቦርሳ ይሠራሉ፣ ባርኔጣ ይሠራሉ። ግን እርስ በርሳቸው ሲሰጣጡ ጨርሰው፣ አስረው፣ በሚያብለጨልጭ ወረቀት ጠቅልለው ነው። ለሙያተኛ ጨርሳችሁ ለምን ትሰጣላችሁ ብላቸው ተያይተው ሳቁ። አንዷ «እማማ፣ ያላለቀ ነገር ይሰጣል እንዴ?» አለችኝ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ወደ አትጠገብ ልምጣ። አትጠገብ የግድግዳ ጎረቤቴ ነበረች፣ ያን ሻል የሠራችው እሷ ናት። ባሏ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር። ትንሽ፣ ፈጣን፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት፤ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ነበራት፣ ከእሷ ሌላ የሚሞቅ ነገር አልነበራትም። ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ስለምትቀመጥ የሹራቧ ጀርባ ነጥቶ፣ ፊቱ ግን እንደጠቆረ ቀርቶ፣ ከኋላና ከፊት ሁለት የተለያዩ ሴቶች ትመስል ነበር፤ በዚህም እንስቅባት ነበር። እሷ ያላት ችሎታ ሌላ ነው። የማንኛችንንም ሥራ አንሥታ መስመሩን በአውራ ጣቷ ትዳብስና ያን ቀን ምን እንደሆንን ትነግረናለች። «ይቺን መስመር ስትሠሪ ከባልሽ ጋር ተጣልተሻል» ትለኛለች። እኔ ስናደድ አጥብቄ ነው የምሠራው፣ ክሩ ይጮኻል። «እዚህ ጋ ታርቃችኋል» ትልና ሌላ መስመር ታሳየኛለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም። ከእሷ ፊት መዋሸት ስለማይቻል ወደድኳት፤ ለአፍታ እንኳ ሳንለያይ የምንውል ሆንን።

አንድ ክረምት ሙሉ ለእሷ ነጭ የአልጋ ልብስ ሠራሁ። የተልባ አበባ የሚመስል አበባ ራሴ አወጣሁለት፤ ከማንም አልቀዳሁትም፣ በማርቆስም ከእኔ በቀር የሚሠራው አልነበረም። በጥር ማርያም የጠርዙን ጥርስ ሳልጨርስ፣ ኪሮሹን እንደሰካሁበት ጭኗ ላይ አኖርኩላት። አለቀሰች። በሚቀጥለው ወር ጠርዙን በራሷ እጅ ዘግታ፣ አጥፋ ይዛው መጣች። በዚያ ቀን ከእኔ የበለጠ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ያ ጊዜ ሰው በአንድ ቁራጭ ወረቀት ተነሥቶ የማያውቀው አገር የሚወረወርበት ጊዜ ነበር። የአትጠገብ ባል ወደ በረሃ ሊዛወር ነው ተባለ። ሰፈሩ አብሯት ተጨነቀ፣ እኔም ተጨነቅሁ። ከዚያ ነገሩ በድንገት ዝም አለ፣ ባሏም አልሄደም፣ ደስ አለን። ትንሽ ቆይቶ የባሏ የበላይ የሆነው ሹም ሚስት ወለደችና ለአራስ ጥየቃ ሄድን። ቤቱ ሰው ሞልቷል። ገንፎ ቀረበልኝ። አጠገቤ ያለውን ረዥም ሶፋ ቀና ብዬ ሳየው የተልባ አበባዬ ተዘርግቶበታል። የእኔ አልጋ ልብስ! መካከሉ ላይ የሲጋራ መተርኮሻ ተቀምጧል፣ ጫፉ ላይ ሕፃኑ አቅርሽቶበት ደርቋል፣ አንዱ ልጅ ደግሞ ቅቤ የነካ እጁን እየጠረገበት ነው። ሴትየዋ ዓይኔን ተከትላ አየችና «የአትጠገብ እጅ ነው፣ ሠርታ አመጣችልኝ። ሙያ ማለት ይኼ ነው» አለችኝ። ገንፎውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። እስከ ዛሬ ድረስ ቅቤ በበዛበት ገንፎ ፊት መቀመጥ አልችልም።

የሆነውን ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ባሏን ያስቀረላት የእኔ የክረምት ሥራ ነው። መስጠቷን፣ እሺ፣ ለባሏ ነው ብዬ አልፈው ነበር። በራሷ ስም መስጠቷ ግን አንገፈገፈኝ። ያ አበባ ከእኔ ጣት የወጣ ነው፤ በእሷ ስም ሲጠራ አፌ ውስጥ የሆነ ነገር የበሰበሰ መሰለኝ። አልተጣላኋትም። ዱካዬን ብቻ ከአጠገቧ አነሣሁ። እሷም ምክንያቱ ገባት፣ አልጠየቀችኝም።

ዓመቱ ዞሮ ጥር ሲደርስ፣ እትዬ የሺ ቤት ማኅበርተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አትጠገብ ተነሥታ መጣችና ያንን ቡናማ ሻል ጭኔ ላይ አኖረችው። አፉ ክፍት ነው፣ ሁለቱ ሽቦዎች ተሰክተውበታል፣ ክሩ ተንጠልጥሏል። ሰው ፊት መመለስ ነውር ነውና ተቀበልኩ፤ ቤት ስደርስ ግን ሳልዘረጋው፣ እንደታጠፈ፣ ናፍታሊን ወርውሬበት ሳጥኑ ታች ቀበርኩት። በቀጣዩ ወር ባዶ ትከሻዬን ይዤ ሄድኩ። ከዚያም በቀጣዩ። አትጠገብ በር ላይ ስታየኝ በመጀመሪያ የምታየው ትከሻዬን ነበር፣ ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት ትመልሳለች። ባሏ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ደምበጫ ይዟት እስኪሄድ ድረስ እንዲሁ አየችኝ። እትዬ የሺ ሞቱ፣ ግድግዳቸው ፈረሰ፣ በቦታው ፎቅ ቆመ፤ ሻሉ ግን አፉን እንደከፈተ ሳጥኔ ውስጥ ኖረ። መልሴ እሱ ነበር። ሰው ሁሉ ሲረሳ እኔ ያንን መልስ በየዓመቱ ናፍታሊን እየቀየርኩለት ጠብቄዋለሁ።

ዘንድሮ ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል፣ አነጋገሯ ግን ያው ነው፣ ሳትጠራ የምትጀምር። «ስንዱ፣ እታለም፣ ባሌም ሞተ፣ እኔም አረጀሁ። ዘንድሮ ለማኅበሩ እመጣለሁ፣ አንቺ ዘንድ ነው የማርፈው» አለችኝ። ነይ አልኳት። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልናገር፤ ሻሉን ከነሽቦው አወጣና እሷ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ አልኩ። በዓይኗ እንድታየው። አንዳችን ሳንሞት በፊት መልሴን ከፊቷ ማኖር ነበር የፈለግሁት። ሃይማኖት እንግዳ እንደሚመጣ የሰማችው ያኔ ነው፣ ያጸዳችውም ለዚያ ነው፤ የስንት ዘመን መልሴን መናኸሪያ በር ላይ በናይለን ያሰፋችውም ለዚያ ነው። አሁን አትጠገብ መጥታ ያንን ስታይ ምን ትላለች? አንድም ስጦታዬን ተቀበለችኝ ትላለች፣ አንድም ስንዱ ሙያዋን ረስታ በመኪና አሰፋች ብላ በሆዷ ትስቃለች። የትኛው እንደሚብስ መምረጥ አቃተኝ።

በዋዜማው ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሽቦዎቹን በአመድ ፈትጌ፣ በፈላ ውሃ ቀቅዬ፣ እንደገና በአመድ ፈትጌ ነበር፤ ሆኖም ሳነሣቸው የዚያ ቱቦ ቅባት ይታየኛል። በምላጭ የሰፊውን ስፌት መቅደድ ጀመርኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነው፤ ናይለኑን አውጥቼ፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ሽቦው ላይ መልሼ፣ ሻሉን ወደነበረበት መመለስ፣ አፉን ክፍት አድርጌ ለእንግዳዬ ማቆየት። ያ የተረገመ ሰፊ ግን የሰፋው ለሻል ሳይሆን ለድንኳን ነው። ናይለኑን ስስብ አሮጌው ክር አብሮ ይሳሳል፣ ከስፌቱ ነፃ የወጣው ቀለበት ሽቦው ላይ ሳይደርስ ያመልጥና ታች ድረስ ይተረተራል። በሽቦው ይዤ የመለስኩትም ሲሳብ ይበጠሳል። ክሩ አርጅቷል። ክፍት ሆኖ የሚቆምበት አቅም የለውም። ያለኝ ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ እየለቀቅሁ እስከ ታች ይተርተር ማለት፣ ወይም እያንዳንዷን ቀለበት ከናይለኑ እንዳወጣሁ እዚያው በእጄ መዝጋት።

ይተርተር ብዬ እጄን አነሣሁ። አንድ ቀለበት ሁለት መስመር ወረደ። ምንም ቢሆን የአትጠገብ ሥራ ነው፤ እንደ እሷ እኩል የሚሠራ ሰው አላየሁም። የሷን እጅ አንድ የመናኸሪያ ሰፊ ይጨርሰው? ይኼ ከሁሉም አስጠላኝ። ሃይማኖትን ጠርቼ የተቆረጠውን የክር ጥቅል አምጪ አልኳት። የበርበሬ ከረጢት አስራበት ነበርና ከጓዳ ፈትታ አመጣችልኝ። አፍንጫዬ ጋ ሳቀርበው በኃይል አስነጠሰኝ። ከዚያ መዝጋት ጀመርኩ። አንዱን ቀለበት በሌላው ላይ እያሳለፍኩ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ ሰፊውን እየሰደብኩ፣ የሜትር ዳንቴሉን እየሰደብኩ፣ የሹሙን ሚስት መተርኮሻ እየሰደብኩ፣ አትጠገብን እየሰደብኩ። ክሩ እየጮኸ ነው የተዘጋው።

ግማሽ ላይ ስደርስ ሻሉ ጭኔን አልፎ መሬት እየነካ አስቸገረኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘርግቼ በረንዳው መከለያ ላይ ጣልኩት። ፀሐይዋ ከወደ ምዕራብ ወርዳ ፊት ለፊት መታችው። አንድ ዓይነት ቡናማ የመሰለኝ ሻል ለካ ሁለት ነው። አንድ ገለባ የመሰለ የነጣ መስመር፣ ቀጥሎ አንድ የጠቆረ፣ እንደገና የነጣ፣ እንደገና የጠቆረ። እጄ ቆመ። ያንን የነጣ ቀለም የት እንዳየሁት ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ስንት ዓመት ከኋላው ተቀምጬ ስቄበታለሁ። ሹራቧን ተርትራዋለች። ያቺን አንዷን። ጀርባውንም ፊቱንም ተርትራ፣ አጥባ፣ ድንጋይ አስራ፣ ለእኔ ሻል ሠርታበታለች። ያ ዓመት ማኅበር ላይ ትከሻዬን ስታይ እሷ ራሷ በነጠላ ብቻ እየተንቀጠቀጠች እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ። ብርድ ይዟት ነው ብዬ አልፌው ነበር። ብቻ ይህም አስጠላኝ፤ እውነቴን ነው። የስንት ዘመን ቂሜን አንዲት የከሰዓት ፀሐይ ስትወስድብኝ ማየት አስጠላኝ። ቢሆንም ጀምሬዋለሁ፣ እስኪመሽ ድረስ ዘጋሁት።

በማግሥቱ አትጠገብ ከደምበጫ በሚኒባስ መጣች፣ ልጄ ከመናኸሪያው በባጃጅ አመጣት። አንሳለች። ተቃቅፈን ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም አጥንቷ አጥንቴን ወጋኝ። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሻሉ ክንዱ ላይ ተጣጥፎ ነበር። ወዲያው አላነሣችውም። ስለ መንገዱ፣ ስለ ባሏ አሟሟት፣ ስለ ሃይማኖት ልጆች ጠየቀች፣ ሻዩንም ጠጣች። ከዚያ ነው ዝቅ ብላ ያየችው። ጫፉን ስታገኝ አውራ ጣቷን ከአንደኛው ጥግ ጀምራ በቀስታ መንዳት ጀመረች። ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ጥሎባታል፤ ጣቷ ግን ያው ድሮ የማውቀው ነው።

«ያኔ ቤቴ ውስጥ ከአልጋ ልብሱ የሚሻል ነገር አልነበረም» አለች ቀና ሳትል። «ባሌን ላስቀር የነበረኝን ሁሉ ነው የሰጠሁት። የስንዱ እጅ ነው ማለት ግን ነበረብኝ። እሱን አላልኩም።»

ሻይ ደገምኩላት። አውራ ጣቷ እየሄደ ነው። መካከሉ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ወደፊት ሄደ።

«እስከዚህ ድረስ ተናደሽ ነው የዘጋሽው» አለች። «ከዚህ ወዲህ ግን ላልቷል።»

«ደክሞኝ ነው» አልኳት።

አትጠገብ ጣቷን ከዚያ ቦታ አነሣች። ከዚያ ተነሣችና ሻሉን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። በርበሬ በርበሬ ይሸታል፣ የመኪና ዘይቱም ገና አልለቀቀውም። አላወለቅሁትም፤ ወደ ማኅበሩም እሱኑ ለብሼ ሄድኩ።